ዲፎልትዲክት እንደ ካሽ፦ ለገበያ መዝገብ ያዋጣል?

አንድን ውጤት አንዴ አስልቶ ማስቀመጥና በሚቀጥለው ጊዜ ሳያሰላ ማንሳት (ካሽ የሚባለው ይህ ነው) የፈለገ የፓይተን ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ እጁ መጀመሪያ የሚያርፈው ዲፎልትዲክት ላይ ነው፤ ይህም የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ መነሻ እሴት ራሱ የሚፈጥር ዲክሽነሪ፣ ማለትም እሴቶችን በቁልፍ የሚይዝ መዝገብ ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ዳውንሎድ አይጠይቅም፤ ኮሌክሽንስ ከተባለው ሞጁል ኢምፖርት ማድረግ ብቻ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፓይተን 2.5 ጀምሮ አለ። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ነገሮችን በየዘርፋቸው ለመሰብሰብ ከእሱ የተሻለ ቀላል መሣሪያ የለም። ለካሽነት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ይባስ ብሎ ምንም ኤረር ሳያሳይ የተሳሳተ መልስ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ። ለካሽ የሚሆነው በዚያው በ2.5 አብሮት የገባው «ሚሲንግ» የሚባለው ሜተድ ነው።

መፈተኛ አድርገን የወሰድነው ሥራ የሰሜን ሸዋ የገበያ ዋጋ መዝገብ ነው። ከአረርቲ የጤፍ፣ ከመሐል ሜዳ የገብስ፣ ከሸዋ ሮቢት የማሾ ዋጋ በቴሌግራም ይላካል፤ አንድ ሰው ወደ ሰንጠረዥ ይገለብጠዋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ያነበዋል። እያንዳንዱ መስመር ቦታ፣ እህል፣ ዋጋና ቀን አለው። ሥራው ትንሽ ይመስላል፣ ግን አንድ ካሽ የሚወድቅባቸው ነገሮች ሁሉ በውስጡ አሉ።

መጀመሪያ የሚያምርበትን እንይ። ዋጋዎችን በየከተማው መሰብሰብ ሲያስፈልግ ዲፎልትዲክት በሊስት ይከፈታል፤ ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር የከተማውን ስም ቁልፍ አድርጎ ዋጋውን መጨመር ብቻ ነው። ቁልፉ ከሌለ ባዶ ሊስት ራሱ ይፈጥራል። «ቁልፉ አለ ወይ? ከሌለ ፍጠር» የሚለው መስመር ከኮዱ ይወጣል። በተለመደው ዲክሽነሪ ሴትዲፎልት በሚባለው ሜተድም ይህን መሥራት ይቻላል፤ ልዩነቱ ሴትዲፎልት ቁልፉ ኖረም አልኖረም የተሰጠውን መነሻ እሴት በየጊዜው መፍጠሩ ነው። ባዶ ሊስት ሲሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። በዚያ ቦታ ከባድ ስሌት የሚሠራ ፈንክሽን ከተጠራ ግን በየመስመሩ ይሰላል፤ ካሽ የተባለው ነገር ምንም አልቆጠበም ማለት ነው። ሌላም ጥሩ ነገር አለ፤ ዲፎልትዲክት ለእያንዳንዱ ቁልፍ አዲስ ሊስት ይሰጣል። ፍሮምኪስ በሚባለው ሜተድ አንድ ባዶ ሊስት ለሁሉም ቁልፍ የሰጠ ሰው ግን የአረርቲን ዋጋ ሲጨምር በአንኮበርም በእነዋሪም ያገኘዋል፤ ሦስቱም የያዙት ያንኑ አንድ ሊስት ነውና።

አሁን ወደ ችግሩ። ዲፎልትዲክት ሲነበብ ይጽፋል። በማዕዘን ቅንፍ ([ ]) የተጠየቀ የሌለ ቁልፍ ሁሉ በዚያው ቅጽበት ይመዘገባል። የተጠየቀው ስም በፊደል ስህተት የተጻፈ ቢሆን እንኳ ቁልፍ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ «ስንት ከተማ ሪፖርት ላከ?» ተብሎ ሲቆጠር ዋጋ የሌለው ከተማ ይወጣል። ሜሞሪንም ይበላል፦ በ64 ቢት ፓይተን አንድ ባዶ ሊስት 56 ባይት ስለሆነ፣ 100,000 የተሳሳቱ ቁልፎች ለባዶ ሊስቶቻቸው ብቻ 5.6 ሚሊዮን ባይት ይወስዳሉ፤ የቁልፎቹ ጽሑፍና የዲክሽነሪው ሰንጠረዥ ገና አልተቆጠረም። በሉፕ እየዞሩ በመሀል ሌላ ቁልፍ መጠየቅ ደግሞ የዲክሽነሪው መጠን በዙር መሀል ተለወጠ በሚል ኤረር ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ጸሐፊው «እኔ ያነበብኩት እንጂ የጻፍኩት የለም» ብሎ ስለሚያስብ ምክንያቱን ለማግኘት ይቸገራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መኖሩን ለማወቅ «ኢን» በሚለው ቃል፣ ለማየት ያህል ደግሞ ጌት በሚባለው ሜተድ መጠየቅ። ሁለቱም ምንም አይጽፉም። የመሰብሰቡ ሥራ ሲያልቅ ዲፎልት ፋክተሪ የሚባለውን መለያ ወደ ነን (None፣ «ምንም የለም» የሚለው የፓይተን እሴት) መቀየርም በጣም ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ እንደ ማንኛውም ዲክሽነሪ ኤረር ይሰጣል። ይህችን አንድ መስመር የሚያስተምር መማሪያ ጥቂት ነው፤ ብዙ ችግር ግን ታስቀራለች።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ሌላ ነው። ዲፎልትዲክት መነሻ እሴቱን የሚፈጥርለትን ፈንክሽን የሚጠራው ባዶ እጁን ነው፤ የትኛው ቁልፍ እንደተጠየቀ አይነግረውም። ለባዶ ሊስትና ለዜሮ ይህ ችግር አይደለም፣ ለሁሉም ቁልፍ አንድ ናቸውና። ካሽ ግን ለ«አንኮበር» የአንኮበርን፣ ለ«ሞላሌ» የሞላሌን ውጤት ማስላት አለበት። ይህን ለማለፍ አንዳንዶች በላምዳ (ስም በሌለው አጭር ፈንክሽን) ውስጥ ከውጭ ያለውን የሉፕ ተለዋዋጭ ይጠቅሳሉ። ሲሞከር ይሠራል፤ ምክንያቱም በሉፑ ውስጥ የሚጠየቀው ቁልፍና ተለዋዋጩ በአጋጣሚ አንድ ናቸው። ከሉፑ በኋላ ሌላ ቁልፍ ሲጠየቅ ግን ላምዳው የሚያየው በዚያ ሰዓት ተለዋዋጩ የያዘውን ነው፤ ይኸውም የመጨረሻውን ከተማ። ስለዚህ ሉፑ በደብረ ሲና ካለቀ የደብረ ሲና ውጤት «አንኮበር» በሚል ቁልፍ ሥር ይቀመጣል፣ ከዚያም እስከ ፕሮግራሙ መዘጊያ ድረስ በልበ ሙሉነት ይመለሳል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። በእኛ ሚዛን ዲፎልትዲክትን ከካሽነት የሚያስወጣው ይህ አንዱ ብቻ ይበቃል። በሩቢ ሃሽ ሲከፈት የሚሰጠው ብሎክ ሃሹንና ቁልፉን ይቀበላል፤ ከጃቫ 8 ጀምሮ ያለው ኮምፒዩት-ኢፍ-አብሰንትም ቁልፉን ያቀብላል። ፓይተንም መንገዱ አለው፣ ግን በሌላ በር ነው።

ያ በር ሚሲንግ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከዲክት የሚወርስ ክላስ ይከፈታል። በውስጡ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ያለው ሚሲንግ የተባለ ሜተድ ይጻፋል፤ ይህ ሜተድ ቁልፉን ይቀበላል። በሜተዱ ውስጥ ሦስት ነገር ይሠራል፦ ከቁልፉ ውጤቱን ያሰላል፣ ውጤቱን በዚያው ቁልፍ ሥር ራሱ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ይመልሰዋል። መካከለኛው መስመር ከተረሳ ካሹ በየጊዜው እንደ አዲስ ያሰላል፤ ውጤቱ ትክክል ስለሆነም ማንም አያውቅበትም፣ ዝግታው ብቻ ይቀራል። በዚያው ሞጁል ያለው ካውንተር ሆን ብሎ እንዲህ ያደርጋል፤ ለሌለ ቁልፍ ዜሮ ይመልሳል እንጂ አይመዘግበውም። ለቆጠራ ትክክል ነው፣ ለካሽ ግን አይሆንም።

የሚሲንግ ጥቅም ብዙ ነው። ቁልፉ ካለ የፓይተን ኮድ አንድም መስመር አይሮጥም፤ ዲክሽነሪው በሲ ቋንቋ ፍጥነት ይመልሳል። ስሌቱ በኤረር ከተቋረጠ፣ ለምሳሌ ኔትወርክ ሄዶ ከሆነ፣ ኤረሩ ወደ ጠሪው ያልፋል እንጂ ምንም አይቀመጥም። ነን ራሱ ትክክለኛ መልስ በሆነበት ቦታም አይሳሳትም፤ በጌት አንስቶ «ነን ከሆነ አስላ» የሚል ኮድ ግን ነን የሆነውን መልስ በየጊዜው ደጋግሞ ያሰላል። ወጥመዱ አንድ ነው፦ ሚሲንግ የሚጠራው በማዕዘን ቅንፍ ሲጠየቅ ብቻ ነው። በጌት የጠየቀ ሰው ነን ይመለስለታል፣ ስሌቱም አይነሳም።

ለአማርኛ መረጃ ካሽ የሚሠራ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ቁልፉን ማጽዳት አለበት። መሐል ሜዳ፣ መሃል ሜዳ፣ መሀል ሜዳ፤ መርሐ ቤቴ፣ መርሃቤቴ፣ መርሀ ቤቴ፤ ዓለም ከተማ፣ አለም ከተማ፣ ዐለም ከተማ። አንባቢ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ዲክሽነሪ ግን እያንዳንዱን የተለየ ቁልፍ አድርጎ ለየብቻ ያሰላል፣ ለየብቻ ያስቀምጣል። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (አንድን ፊደል በአንድ ወጥ ኮድ የሚያስቀምጠው አሠራር) እዚህ ምንም አይረዳም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ስለሆኑ አንዱን ወደ ሌላው አይለውጥም። የሚያስፈልገው ሜክትራንስ በሚባለው የስትሪንግ (የጽሑፍ) ሜተድ የሚሠራ መለወጫ ሰንጠረዥና ትራንስሌት ነው። የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት ቅርጾች 35 ይሆናሉ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የሚወስዱ ሁለት ሲጨመሩ 37 ጥንድ። የሚለወጡትንና የሚተኩትን ፊደላት የያዙት ሁለቱ ስትሪንጎች እኩል ርዝመት ካልኖራቸው ሜክትራንስ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ሰባት ሰባት እያደረጉ በመስመር መጻፍ ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ትራንስሌት እያንዳንዱን ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለውጠው። ሓ ወደ ሃ፣ ሃ ደግሞ ወደ ሀ ይሄዳል ብሎ ሰንጠረዡን የሠራ ሰው፣ ሓ ሃ ላይ ሲቆም ያገኘዋል። ስለዚህ ሓ እና ኃ በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓ ደግሞ በቀጥታ ወደ አ መወሰድ አለባቸው። ከፊደሉ በኋላ ክፍተቱ ይነሳል፤ ሸዋ ሮቢት እና ሸዋሮቢት፣ ደብረ ብርሃን እና ደብረብርሃን አንድ እንዲሆኑ ከውስጥም ከዳርም ባዶ ቦታ በሙሉ ይወጣል፤ ሁለት ነጥብም ካለ አብሮ። «ደ/ብርሃን» ያለ አጻጻፍ፣ እነዋሪን «ኢነዋሪ» ብሎ መጻፍ፣ ወይም የወረዳውን ስም ቀወትን በከተማው በሸዋ ሮቢት ቦታ ማስገባት በፊደል መለወጥ አይፈታም፤ ለእነዚህ በእጅ የተሞላ ትንሽ የተለዋጭ ስሞች ዲክሽነሪ ያስፈልጋል። የጸዳው ቁልፍ ለመፈለጊያ ብቻ እንደሆነም አይዘንጋ። «መሀልሜዳ» ተብሎ ሪፖርት ላይ መውጣት የለበትም፤ በትክክል የተጻፈው ስም በእሴቱ በኩል ይቀመጥ።

ከዚህ ሁሉ አልፎ ያልታወቀ ስም ካለ ዲፍሊብ በሚባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ያለው ጌት-ክሎዝ-ማችስ በመመሳሰል ይፈልጋል፤ ካሽ በእውነት የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። አንዱን ስም ከዝርዝሩ ስም ሁሉ ጋር ያወዳድራልና፣ ዝርዝሩ የቀበሌ ስሞችን ሲያካትት በየመስመሩ መጥራት ሥራውን ያዘገየዋል። ከ0 እስከ 1 በሚለካው መመሳሰል መነሻ ገደቡ 0.6 ነው። በፊደላችን አንድ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ የአንድ አናባቢ ስህተት ሙሉ ፊደል ያሳጣል፦ ሞላሌ «ሞላሊ» ተብሎ ቢጻፍ ውጤቱ 0.67 ነው። ስለዚህ ገደቡን ወደ 0.7 ከፍ ማድረግ ባለ ሦስት ፊደል ስሞችን ይጥላል። ወደ 0.5 ዝቅ ማድረግ ደግሞ ደብረ ሲናንና ደብረ ብርሃንን ያቀላቅላል፤ ከጸዱ በኋላ የሁለቱ መመሳሰል በ«ደብረ» ብቻ ልክ 0.5 ነው። 0.6 ባለበት ይቆይ። ምንም ተመሳሳይ ካልተገኘ ባዶ ሊስት ይመለሳል፤ እሱም ካሽ ይደረግ፣ አለዚያ የማይታወቀው ስም በመጣ ቁጥር ከባዱ ፍለጋ ይደገማል።

ክላስ መጻፍ ለማይፈልግ ፈንክቱልስ በሚባለው ሞጁል ውስጥ ያለው ኤልአርዩ ካሽ አለ፤ ከፓይተን 3.2 ጀምሮ። ፈንክሽኑ ራስ ላይ አንድ መስመር መለጠፍ ነው። መጠኑን መገደቡና ካሽ ኢንፎ የሚባለው መቁጠሪያው ከሚሲንግ የሚበልጥባቸው ናቸው፤ ስንት ጊዜ እንደተገኘ፣ ስንት ጊዜ እንደታጣ፣ ከፍተኛው መጠንና አሁን የያዘው በአንድ ላይ ይታያሉ። የታጣው ከተገኘው ጋር ከተቀራረበ ካሹ ለሥራው አልሆነም። ስሙ ወደ ፈንክሽኑ ከመግባቱ በፊት ይጽዳ እንጂ በውስጡ አይጽዳ፤ ካሹ ቁልፍ የሚያደርገው የገባለትን ነው። መጠኑ ያልተገደበውና በአጭሩ «ካሽ» ብቻ የሚባለው ፈንክሽን የመጣው በ3.9 ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ስለሆነ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ኤልአርዩ ካሽን ማክስሳይዙን (ከፍተኛ መጠኑን) ነን አድርጎ መጠቀም ያስፈልጋል።

የማክስሳይዝ መነሻ 128 ነው፤ እዚህ ላይ ስሌት ይሠራ። 20 ገበያ በ10 እህል 200 ቁልፍ ነው። ሪፖርቱ ሁለት መቶውን በተራ ቢያነብና እንደገና ከመጀመሪያው ቢጀምር፣ ኤልአርዩ ካሽ ከሁሉ ቀድሞ የሚጥለው ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን፣ ማለትም ቀጥሎ የሚጠየቀውን ስለሆነ፣ በሁለተኛው ዙር አንድም አይገኝም። ማክስሳይዙን 256 ማድረግ ሁለተኛውን ዙር በሙሉ ያስገኛል።

ዋጋ ይለወጣል፤ የቦታ ስም አይለወጥም። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ካሽ አይግቡ። የመጨረሻውን የጤፍ ዋጋ በቦታና በእህል ብቻ ካሽ ያደረገ ፕሮግራም ያለፈውን የገበያ ቀን ዋጋ ሲደጋግም ይውላል። ካሽቱልስ የሚባለው ተጨማሪ ላይብረሪ የተቀመጠው መልስ በተወሰኑ ሰከንዶች ውስጥ ጊዜው የሚያልፍበት ካሽ አለው፤ እኛ ግን የገበያውን ቀን ቁልፉ ውስጥ ማስገባትን እንመርጣለን፤ ቦታ፣ እህል፣ ቀን። ቀኑ ሲለወጥ ቁልፉ ይለወጣል፣ ያረጀ መልስ የሚመለስበት መንገድ የለም። ከእ.ኤ.አ. ወደ ዓ.ም. ቀን መለወጥን ካሽ ማድረግ ግን አስፈላጊ አይመስለንም፤ ጥቂት መደመርና ማካፈል ነው፤ ከመወሰን በፊት የኮድን ፍጥነት በሚለካው በታይምኢት ይለካ።

ከካሽ የወጣ ሊስትን የተቀበለ ኮድ ሶርት ወይም አፔንድ ካደረገበት በካሹ ውስጥ ያለውም ይለወጣል። ቱፕል (የማይለወጥ ሊስት) አድርጎ ማስቀመጥ ይህን ይዘጋል። በብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሮጡ የሥራ መስመሮች) በሚሠራ ሰርቨር ላይ ደግሞ ሁለት ትሬዶች አንድን የጎደለ ቁልፍ እኩል ሊያሰሉት ይችላሉ፤ ስሌቱ አንድ ዓይነት መልስ እስከሰጠ ድረስ ጉዳቱ ድግግሞሽ ብቻ ነው፣ ገንዘብ የሚያስከፍል ጥያቄ ከሆነ ግን ሎክ ያስፈልጋል። በላምዳ የተሠራ ዲፎልትዲክት የፓይተን ነገሮችን ወደ ፋይል በሚጽፈው በፒክል አይቀመጥም፤ በዲፎልትዲክት ውስጥ ሌላ የሊስት ዲፎልትዲክት ሲያስፈልግ፣ በላምዳው ፈንታ ከፈንክቱልስ ፓርሻልን ከዲፎልትዲክትና ከሊስት ጋር መጠቀም ይፈታዋል።

እዚህ ድረስ ያልነው ሁሉ የሚኖረው በሜሞሪ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የቦታ ስሞቹን ካሽ ለማቆየት ጄሰን የሚባለው የጽሑፍ ፋይል ዓይነት ይበቃል፤ ግን አራት ነገር ይጠበቅ። ፋይሉ ሲከፈት ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ይጻፍ፣ አለዚያ ዊንዶውስ የራሱን መርጦ ፊደላችን ላይ ኤረር ሊሰጥ ይችላል። ኢንሹር-አስኪ የሚባለው ፎልስ ይሁን፤ ትሩ ከሆነ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት የሚወስደው እያንዳንዱ ፊደል 6 ባይት ባለው ምልክት ይተካል፣ ፋይሉንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው አይችልም። መጀመሪያ በጊዜያዊ ፋይል ተጽፎ ሲያልቅ፣ ኦኤስ ሞጁል ውስጥ ባለው ሪፕሌስ በዋናው ይተካ፤ መብራቱ በጽሑፉ መሀል ቢሄድ የድሮው ፋይል ሳይነካ ይቆያል። ጄሰን የቁጥር ቁልፍን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ 2016 ተብሎ የገባው ዓመት ተመልሶ ሲነበብ «2016» የሚል ስትሪንግ ነው፤ ካሹ ሙሉ ሆኖ ሳለ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የለም ይላል። ቱፕል ቁልፍን ጭራሹን አይቀበልም። ስለዚህ ቦታ፣ እህልና ቀን ያለው ቁልፍ ከመቀመጡ በፊት በቀጥ ያለ መስመር ምልክት (|) ተጋጥሞ አንድ ስትሪንግ ይሁን፤ ሲነበብ በዚያው ምልክት ተከፍሎ ወደ ቱፕል ይመለስ።